አንድ ሺህ ሰው አንድ አንድ ሺህ ቢሰጥ

ማንም ስለማያመሰግናቸው እኔ ላመስግን። የበጎ አድራጎት ድርጅት የገቢ ማሰባሰቢያ ዕቅድ የምታዘጋጁ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ! ሁለት ዓመት አብሬያችሁ ተቀምጫለሁና ከሩቅ ሆኜ አይደለም የማወራው።

ዕቅዱ የሚጀመረው በቁጥር ነው። አምና ስንት ገባ? ሥራው ዘንድሮ ስንት ይፈልጋል? ይህን መመርመር የሆደ ጠባብ ሰው ጠባይ ነው። የኛ ሊቀ መንበር ጣሪያውን አየት አደረጉና "አንድ ሚሊዮን እንበል" አሉ። ክብ ቁጥር ነው፣ ለአፍም ይመቻል። ጸደቀ።

ቀጥሎ ማካፈል ይመጣል። "አንድ ሺህ ሰው አንድ አንድ ሺህ ቢሰጥ አለቀ!" ይህን ስሌት የሚረታ የሒሳብ ሊቅ ገና አልተወለደም። አንዲት ወጣት አባል ግን እጇን አወጣች። "አንድ ሺዎቹ እነማን ናቸው? ማን ነው የሚደውልላቸው?" ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀና አስተሳሰብ ጥቅም አጭር ምክር ተሰጣት።

ልጅቷ አላረፈችም። ስጦታ እኩል እኩል አይመጣም አለች። ጥቂት ሰዎች ብዙውን ይሰጣሉ፣ ብዙ ሰዎች ጥቂቱን። ስለዚህ በሥራው የቆዩ ሰዎች ሰንጠረዥ ይሠራሉ፤ ከላይ አንድ ትልቅ ስጦታ፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት መለስተኛ፣ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። ሁሉም እሺ ስለማይል ለእያንዳንዱ ትልቅ ስጦታ ሦስት አራት ሰው በስም ይጻፋል። በስም! ስም ከተጻፈ እኮ ሰውየውን ሄዶ መጠየቅ ሊመጣ ነው። የኮሚቴያችን ጨዋነት ጎልቶ የታየው እዚህ ላይ ነበር።

መጠየቅ ነውር ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ይቅራ! እኛ የጻፍነው እንዲህ ነው፦ "ግንዛቤ ይፈጠራል። ባለሀብቶች ይቀረባሉ። አጋርነት ይጠናከራል።" ባለቤት የሌለው ግስ እንዴት ያለ በረከት ነው! ማን እንደሚያደርገው ስላልተጻፈ ማንም አይጠየቅም። ለጋሹም ጭምር።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ሰባኪ የጸሎት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ሊሰበስብ ፈልጎ አሜሪካዊውን የፖለቲካ ሰው ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ምክር ጠየቀው። ፍራንክሊንም መጀመሪያ እንደሚሰጡ የምታውቃቸውን ጠይቅ አለው። ቀጥለህ የምትጠራጠራቸውን፣ የሰጡትን ሰዎች ዝርዝር እያሳየህ። እንደማይሰጡ እርግጠኛ የሆንክባቸውንም አትለፍ፣ ከመካከላቸው ተሳስተህ የገመትከው ሊኖር ይችላል። ሰባኪው ሁሉንም ጠየቀ፣ ከጠበቀውም በላይ አገኘ። ምስኪን! ዞሮ ዞሮ እግሩን ከሚያደክም አንድ ብሮሹር አያሳትምም ነበር?

ዕቅዳችን ዘመናዊ ክፍልም አለው። "በማኅበራዊ ሚዲያ ቫይራል መሆን" ይላል፣ ሦስተኛው ሩብ ዓመት ላይ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሰው ሁሉ ገንዘብ ለማሰባሰብ የበረዶ ውሃ በራሱ ላይ ሲያፈስ፣ ኤኤልኤስ የሚባለውን የነርቭ በሽታ የሚታገለው የአሜሪካ ማኅበር 115 ሚሊዮን ዶላር ያህል አገኘ። ነገሩ ከማኅበሩ ዕቅድ የወጣ አልነበረም፣ ሰዎች በራሳቸው የጀመሩት ነው። እኛ ግን አስቀድመን ሩብ ዓመቱን ስለወሰንን እንበልጣቸዋለን። ውሃውን የሚያፈሰው ንዑስ ኮሚቴ ብቻ ነው የቀረው።

የገቢ ምንጭ ማብዛት የሚባለውንም አልዘነጋንም፣ አንድ ገጽ ሰጥተነዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለን ጀምረን፣ ሃምሳውንም በአንድ ለጋሽ ራስ ላይ ጫንን። ሰውየው ጤና እስከሰጠው ድረስ ዕቅዱ የተሟላ ነው።

የእራት ምሽቱስ! አዳራሹ፣ ድምፅ ማጉያው፣ አበባው፣ የክብር እንግዳው ስጦታ። ሲቆጠር ወጪው ከገቢው በለጠ። አንድ ሰው "ከሰርን" ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሊቀ መንበሩ "ስማችን ገነነ" ብለው ቀደሙት። ስም በባንክ ሒሳብ መግለጫ ላይ ስለማይታይ ኦዲተሩ ብቻ ትንሽ ተቸገረ።

አንዱን ነገር ግን በፍጹም አላቀድንም፦ ማመስገንን። እ.ኤ.አ. በ1885 ለኒውዮርኩ የነፃነት ሐውልት መቆሚያ ማሠሪያ ገንዘብ ጠፋ። ጆሴፍ ፑሊትዘር በጋዜጣው ሕዝቡን ጠየቀ፣ የሰጠውን ሰው ሁሉ ስምም አተመ፣ ሳንቲም የላከውን ሕፃን ሳይቀር። በአምስት ወር ገደማ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አዋጡ፤ አብዛኞቹ የሰጡት ከአንድ ዶላር በታች ነበር። እኛ እንዲህ ያለ የወረቀት ብክነት ውስጥ አንገባም። አንዴ የሰጠን ሰው ማቆየት አዲስ ከመፈለግ ይረክሳል የሚሉ አሉ። ይርከስ፣ እኛ ርካሽ ነገር አንወድም።

ባለፈው ወር አንዲት ሴት ደብዳቤ ጻፉልን። ማንም ሳይጠይቃቸው ለስምንት ወር በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሲልኩ ኖረዋል። "ደርሷችሁ ይሆን?" ይላል ደብዳቤው፣ ሌላ የለውም።

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ደብዳቤው ተነበበ፣ ብዙ ውይይት ተደረገበት። መልስ ይጻፍላቸው የሚለው የልጅቷ ሐሳብ ለቀጣይ ስብሰባ ተላለፈ። ስማቸው ግን "ሊሰጡ የሚችሉ ሰዎች" በሚለው ባዶ ሰንጠረዥ ላይ በተራ ቁጥር 1 ተመዘገበ። ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ፈገግ አሉ።

"አያችሁ? 999 ብቻ ነው የቀረን።"