ይድረስ ለተንጋደደው ግድግዳ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉንፋኑ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ጅማ ከገባ ወዲህ ያልጻፍሁልህ ረስቼህ አይደለም፤ ወረቀቱ እየረጠበብኝ ነው።

በምርቃትህ ዕለት አርክቴክትህ «ዘመመ እንዳትሉ፤ የማሌቪችን ሥዕል ነው የሚተረጉመው» ሲሉን እኔም አጨብጭቤያለሁ። በኋላ የዘር ሐረግህን ቆጠርሁ። ሠዓሊው ካዚሚር ማሌቪች እ.ኤ.አ. በ1915 ፔትሮግራድ ላይ «ጥቁር ካሬ»ውን ሲያሳይ የሰቀለው ሩሲያውያን ቅዱሳት ሥዕላት በሚያኖሩበት የክፍል ጥግ፣ ከጣሪያው ሥር ነበር። ሥዕሎቹን ለሕንፃ መነሻ ያደረገችው አርክቴክቷ ዛሃ ሐዲድም እ.ኤ.አ. በ1993 ጀርመን ውስጥ ለአንድ የወንበር አምራች ድርጅት ግድግዳው ያዘነበለ የእሳት አደጋ ጣቢያ ሠራች። እሳት አጥፊዎቹ ለቀውት ዛሬ ኤግዚቢሽን ማሳያ ነው። (እነሱስ መሄጃ አላጡም።)

አንተም አያትህን አላሳፈርህም። በቢሮዬ ጥግ፣ ልክ ከጣሪያው ሥር፣ ጥቁር ካሬ ወጥቷል። ሰኔ ላይ መዳፍ ያህል ነበር፤ አሁን ከግድግዳ የቀን መቁጠሪያው ላይ ሐምሌን ጨርሶ ነሐሴን ጀምሯል። ሻጋታ ነው ብዬ ብጽፍ፣ ደብዳቤዬ «የንድፉ አካል አለመሆኑ ይጣራ» ተብሎ ተመራ።

የፋይል ካቢኔቱንስ ምን በደለህ? አናቱ ሲነካህ እግሩ ክንድ ያህል ይርቅሃል። በዚያ ክፍተት ሁለት እስክሪብቶና የአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ገብተው ቀርተዋል። ሰውየው ዛሬም ወረፋ ይዘዋል፤ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ ትጠጣለች። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ያቆሙት አናጢዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ክዳኑን አርዝመው በረንዳውን ከሥሩ አስጠለሉት። አንተ ግን ያለ ክፈፍ፣ ደረትህን ለዝናብ ሰጥተህ፣ መስታወትህን በሲሊኮን አጣብቀህ ተጋደምህ። ሲሊኮኑ የበጋውን ፀሐይ እንኳ አልቻለም።

ብዙ የምልህ ነበረኝ። ነገር ግን በሞዴል 22 ፈርሜ ከንብረት ክፍል ያወጣሁት ባልዲ ሞልቷል፤ ልድፋው።

አክባሪህ፣
ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከባልዲው አጠገብ