የእማዬ እንዝርት
አመለካከት ዕድሜን ያረዝማል በሚለው በዚህ ጽሑፍ ላይ፣ ስለ እርጅና በጎ አመለካከት ያላቸው ሰዎች ከሌሎቹ 7 ዓመት ተኩል ያህል የበለጠ ኖሩ የሚለው ብዙ ሰው አልተዋጠለትም። ከላይ በአስተያየትህ "ጤነኛ ሰውማ ስለ እርጅና ጥሩ ቢያስብ ምን ይገርማል?" ያልከው ወንድሜ፣ ጽሑፉ የጠቀሰው የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የቤካ ሌቪ ጥናት (እ.ኤ.አ. 2002) ይህንንም አይቶታል። የተጠኑት አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ያሉ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 660 ሰዎች ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ የነበራቸው ጤና፣ ዕድሜና ኑሮ ከግምት ገብቶም ልዩነቱ አልጠፋም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አመለካከቱ ከአዛውንቱ ጭንቅላት ብቻ የሚመነጭ ተደርጎ መቅረቡ። እኛ ቤት ጥፋቱ የእኛ የልጆቹ ነበር። እማዬ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ እኛ ጋ ስትገባ 67 ዓመቷ ነው። "አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ" እያልን ቡናውንም፣ ገበያውንም፣ ምጣዱንም ከእጇ ወሰድንባት። በፍቅር ነው እኮ! ስድስት ወር ሳይሞላ ከሶፋ ለመነሳት ሰው መጥራት ጀመረች። ከአፏ የማይጠፋው "እኔ እንግዲህ ምን ቀረኝ" ሆነ። ያነቃችን እህቴ ናት። ጥጥና እንዝርት ገዝታ "ለሠርጌ ጋቢ ፍተይልኝ" አለቻት። እማዬ ጥጡን በጣቷ እያፍታታች "ይሄ ፍሬው መች በደንብ ወጣለት!" ብላ ስትቆጣ የድሮ ድምጿን ሰማሁት። ጉልበቷ ዛሬም ያማታል፣ አልዋሽም። ግን ባለፈው ሳምንት ማጉን ይዛ ሽሮ ሜዳ ሸማኔው ጋ ራሷ ሄደች፤ ዋጋውንም አስቀንሳ መጣች።