ቅቤውን ለሽሮው ተዉለት

ባለፈው ቅዳሜ ታክሲ ውስጥ አንድ የሬዲዮ የውበት ፕሮግራም ተከፍቶ ነበር። አንዲት አድማጭ ደውላ ፎረፎር መቆሚያ መቀመጫ እንዳሳጣት ተናገረች። የስቱዲዮ እንግዳዋ «ባለሙያ» ለአፍታም አላመነታችም፦ «ፎረፎር ድርቀት ነው። ለጋ ቅቤ ተቀቢ፣ ሹሩባ ተሠሪ፣ ለአንድ ወር አትንኪው።» አቅራቢውም አመስግኖ ዘፈን ጋበዘን።

ድርቀት? ድርቀት ከሆነ ታዲያ ለምን የጎረምሳነት ወዝ ሲመጣ ይጀምራል? ለምንስ ወዛም ቦታ እየመረጠ ቅንድብና የአፍንጫ ዳር ድረስ ይወርዳል?

የሁላችንም ራስ ላይ ማላሴዚያ የሚባል የእርሾ ዘር ይኖራል። ቀለቡ የቆዳችን ወዝ ነው። ወዙን ሰባብሮ ሲበላ የሚተርፈው አሲድ የአንዳንዶቻችንን ቆዳ ያስቆጣል፤ ቆዳው ያለጊዜው ይረግፋል። ይህ ጉድ ደግሞ ስብ በራሱ መሥራት አይችልም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ለማራባት እንኳ የወይራ ዘይት ጠብ ያደርጉለታል። እኛ ደግሞ ዋጋው ሰማይ የነካውን ቅቤ እናፈስለታለን! ሊጥ አቡክቶ፣ ሙቅ ቦታ ከድኖ፣ ከወር በኋላ «ለምን ኩፍ አለ?» ማለት እኮ ነው።

«እናቶቻችን ሲቀቡ ኖረው የለ?» ትሉኛላችሁ። ኖረዋል። በሚዶ ሲያክኩም ኖረዋል። ቅቤ ፀጉሩን እንደሚያለሰልስ አልክድም። ግን ፀጉር ሌላ፣ የራስ ቆዳ ሌላ።

መፍትሔው ፋርማሲ አለ፤ ይህን እርሾ የሚያዳክም ኬቶኮናዞል የሚባል መድኃኒት 2 ፐርሰንት ያለበት ሻምፖ። በሳምንት 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ብዙ ሰው «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚለው አረፋውን ወዲያው ታጥቦ ስለሚያወርደው ነው። ቆዳው ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቆይ! ሹሩባም ካለ በመስመሩ መሐል እየገቡ ማሸት ነው። ሎሚ የምትጨምቁ ደግሞ እባካችሁ ተዉት፤ ከሎሚ በኋላ ፀሐይ ቆዳን ያቃጥላል።

የልጅ ፀጉር በክብ በክብ እየተመለጠ ከሆነማ ያ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ሐኪም ጋ ይወሰድ፤ ቆረቆር የሚዋጥ መድኃኒት እንጂ ሻምፖ ብቻውን አያድነውም። ይህን የሬዲዮዋ እመቤት ትንፍሽ አላለችም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ርዕስ ብጉር ነው ተብሏል። እዚያም ቅቤ እንዳይመጣብን ፈራሁ።