ና! ና! ና! … አዎ፣ ና!

ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ዶዘር ገባ።

ሰፈራችን ከቱሉ ዲምቱ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ባሌ ያለው ሞክሼው 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። የእኛው ያለው አቧራ ነው። መንገድ ይቆረጥልን ስንል ኖረን ኖረን በመጨረሻ ተሰማን። ሎቤዱ፣ ማለትም ከባድ ማሽን የሚጭነው ዝቅ ያለ ተጎታች፣ ዶዘሩን ጭኖ እያቃሰተ ሲደርስ ገና ጠዋት 1 ሰዓት ነበር። እኔ መፋቂያዬን እንደያዝኩ ሮጬ ወጣሁ። ምን ዋጋ አለው፣ የፊት ወንበር ተይዟል። ጋቢ የለበሱ አባቶች ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተደላድለዋል። ልጆች አፈር ክምር ላይ ወጥተዋል። ዳቦ እንድትገዛ የተላከች ልጅ ብሩን ጨብጣ ቆማለች። ዳቦውን የሚጠብቀው ቤተሰብም ይጠብቅ።

ማሽኑ ገና ከሎቤዱ ጀርባ ሳይወርድ የሚያወርደው ሰው ሞልቶ ነበር።

«ና! ና! ና!»

«ቀስ! ወደ ግራ!»

«የቱ ግራ? በእሱ ነው በእኛ?»

«ዝጋ! ሙሉ ዝጋ!»

ምልክት ሰጪዎቹን ቆጠርኩ። 11።

እኔ እስከ ዛሬ ይህን ሕዝብ የሚያመሰግን ሰው አለመገኘቱ ይገርመኛል። ደመወዝ አይከፈለው። ሥልጠና አልወሰደ። ማንም አልጠራው። ግን አንድ መኪና ወደ ኋላ መሄድ ሲጀምር ከየት መጣ ሳይባል ከተፍ ይላል። ቪትዝ ለማቆም ሦስት ሰው ይበቃል። ሲኖትራክ ከሆነ ስድስት። ለዶዘር ግን አገር ይወጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዲ8 የሚባለው የካተርፒላር ዶዘር ወደ 38 ቶን ይመዝናል። ይህን ሁሉ ብረት አንድ ኦፕሬተር ብቻውን ምን በወጣው?

ዶዘርን በፈረንጆች 1923 ካንሳስ ውስጥ የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጄምስ ከሚንግስ የሚባል ገበሬና ኧርል ማክሊዮድ የሚባል ንድፍ ሠሪ። ሁለት ብቻ! አጠገባቸው ቆሞ «ወደዚህ አጥብቀው፣ ወደዚያ አላላው» የሚል ዘጠኝ ሰው አልነበራቸውም። እንዴት እንደተሳካላቸው አይገባኝም።

የእኛ ሰው ትልቁ ተሰጥኦ የማያውቀውን ማሽን ማዘዝ መቻሉ ነው። ያን ቀን ከሁሉ ገኖ የሚሰማው «ዝጋ!» ነበር። መሪህን ዝጋ ማለት ነው። ዶዘር ግን የሚዘጋ መሪ የለውም። ያለው ሁለት ሰንሰለት ነው። አንዱን ያዝ ሲያደርጉት ሌላው ማሽኑን ይዞ ይዞራል። ኦፕሬተሩ ይህን የሚያደርገው በማንሻ ነው። የሚዘጋ የለም፣ የሚፈታም የለም። ሕዝባችን ግን በዚህ ተስፋ አልቆረጠም። እስከ ማታ «ዝጋ!» ሲል ዋለ።

ደግሞ ማሽኑ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት «ነዳጅ ስጠው! ርገጠው!» ተባለ። እዚህ ላይ አንድ ጉድ ልንገራችሁ። ዶዘር ላይ እግር ሥር ያለው ያ ፔዳል ሲረገጥ ሞተሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። መኪና ላይ ከለመድነው ግልብጡ ነው። ኦፕሬተሩ ምክራችንን ሰምቶ ቢሆን ማሽኑ ዳገቱ መሃል ትንፋሹ ቁርጥ ይል ነበር። እግዜር ይስጠው፣ አልሰማንም።

ሊሰማን አይችልማ። ሰው 8 ሰዓት ሙሉ ቢውልበት ጆሮውን አይጎዳውም ተብሎ የሚመከረው ድምፅ እስከ 85 ዴሲቤል ነው። አሮጌ ዶዘር ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። የዚህኛው ካቢን ደግሞ በር አልነበረውም። ስለዚህ የሚደርሰው ቃላችን ሳይሆን እጃችን ነው። እጃችን እንዴት እንደሚናገር ደግሞ ታውቃላችሁ። «ና» ስንል መዳፋችንን ወደ መሬት ደፍተን ጣቶቻችንን ወደ ራሳችን እንስባለን። «ሂድ» ስንልም መዳፋችንን ደፍተን ጣቶቻችንን ወደ ውጭ እንወረውራለን። ከአንድ ሜትር ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ከ20 ሜትር፣ በጥር አቧራ ውስጥ፣ 22 እጅ አንድ ላይ ሲርገበገብ ግን እስክስታ ነው።

ጠዋት ቀይና ነጭ ሪባን ዙሪያውን ተወጥሮ ነበር። 10 ደቂቃ አልቆየም። ግማሹ ለልጆቹ ጎል ሆነ። ግማሹ አንዲት ፍየል አንገት ላይ አየሁት።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የነበሩትን ባሕር ዛፎች ዶዘሩ ጠዋት ነቅሏቸዋል። ኦፕሬተሩ ማሽኑን አጥፍቶ ወረደ። ብሌዱን ግን እንደተንጠለጠለ ተወው። ብሌድ ማለት ወደ 4 ሜትር የሚሰፋ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ተኩል የሚያልፍ የብረት ግድግዳ ነው። ማሽን ሲቆም ብሌዱ መሬት ይንካ ይላል ደንቡ። አየር ላይ ይዞ ያቆመው ዘይት ነውና አንድ ቱቦ ቢተነፍስ ወይም አንድ ጎረምሳ ወጥቶ ማንሻውን ቢነካካ ዱብ ይላል። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ግን ቡና አይጠጡም መሰለኝ። የሰፈራችን ቡና ሻጭ ማሽኑ እንደቆመ ያየችው ብረት አይደለም። ጥላ ነው። ረከቦቷን፣ የከሰል ምድጃዋንና በርጩማዎቿን ይዛ ብሌዱ ሥር ገባች። ቄጠማ ሁሉ ጎዘጎዘች። እኛም ጎንበስ ጎንበስ እያልን ገባን።

«ስትነሱ አናታችሁን ጠብቁ» አለችን። የዕለቱ ብቸኛ የደኅንነት መመሪያ ይህ ነበር።

ቆሎው የቀረበው በረዳቱ ሄልሜት ነው። ቢጫ፣ ንጹሕ፣ ጭንቅላት ነክቶት የማያውቅ ሄልሜት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያዛል። ረዳቱ እየተጠቀመበት ነው። ቡና ያለ ቁርስ አይጠጣም።

ኦፕሬተሩ ዝምተኛ ልጅ ነው። ቢበዛ 25 ዓመቱ ነው። እኔም ጨዋታ ለመጀመር ያህል «ወንድሜ፣ ቀበቶ የለውም እንዴ?» አልኩት።

«አለው።»

«ታዲያ ለምን አታስረውም?»

እሱ ሳይመልስ ጋቢ የለበሱት ጋሼ ቀደሙት። «ቢገለበጥ በምን ይዘላል?»

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እውነት ነው፣ በምን ይዘላል? የሙያው ሰዎች ደግሞ ዶዘር ሲገለበጥ ገዳዩ መዝለሉ ነው ይላሉ። ካቢኑ ላይ ያ ሁሉ ወፍራም ብረት የተገጠመው ማሽኑ ሲገለበጥ ውስጥ ያለውን እንዳይጨፈልቀው ነው። ብረቱ የሚያድነው ግን ቀበቶውን አስሮ ውስጥ የቀረውን ነው። የዘለለው የሚያርፈው ማሽኑ ሊያርፍበት ባለው መሬት ላይ ነው። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ሁለተኛው ቡና መጣ።

ወደ ኋላ ሲሄድ ጢጥ ጢጥ የሚል ነገር እንደነበረውም ጠየቅኩ። «ሌላ ሰፈር ስንሠራ ሕፃን ይቀሰቅሳል ብለው ስሞታ አበዙ። ነቀልኩት» አለ። ገባኝ። ሌሊቱን ሙሉ ግሮሰሪ የሚደልቅበት ሰፈር ውስጥ ሕፃን የሚቀሰቅሰው ጢጥታ ነው።

ከዚያ ልጁ ሳይጠየቅ አንድ ነገር ተናገረ። ሲኒውን እያየ ነበር የሚያወራው።

«ሥልጠና ላይ ያሉን እንዲህ ነው። ምልክት የሚሰጥህ አንድ ሰው ነው፣ የሌላውን አትይ። ቁም ካሉህ ግን ማንም ይበል፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ቁም።»

ተያየን። ጋሼ ቅር አላቸው። «እና እኛ ባንኖር ማን ያሳይህ ነበር?» አሉት።

«ልክ ነዎት አባባ» አለ። ጨዋ ልጅ ነው።

እኔ ግን ነገሩ ሆዴ ገባ። «ና» ከአንድ ሰው፣ «ቁም» ከማንም። እኛ ጋ ተገልብጦ ነው ያለው። «ና» የማይል የለም። «ቁም» የሚል ግን ሟርተኛ ነው፣ ሥራ አስፈቺ ነው፣ ልማት አይወድም።

ከሰዓት ሕዝቡ ጭራሽ በዛ። እናቶች የተነቀለውን የባሕር ዛፍ ጉቶና ሥር ከማሽኑ ኋላ ኋላ እየተከተሉ ይለቅማሉ። ማገዶ ነው፤ በዚህ ኑሮ አልፈርድባቸውም። እኛ አሥራ አንዳችን ግን ማገዶ አንለቅም። ለአመራር ነው የቆምነው። የቆምነውም ከኋላ ነው።

ስለዚህ ኋላ ጥቂት ልበል። ዶዘር ወደ ኋላ ሲሄድ ወደ ፊት ከሚሄደው ይፈጥናል። ዲ8 ወደ ፊት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄድ ወደ ኋላ 13ም 14ም ይሄዳል። አፈሩን ገፍቶ ሲጨርስ ባዶውን ቶሎ እንዲመለስ ነው። ኦፕሬተሩ አንገቱን አዙሮ ቢያይ እንኳ የነዳጅ ታንከሩና ሪፐሩ፣ ማለትም ከኋላ ያለው መሬት መሰንጠቂያ ጥፍር፣ እግራቸው ሥር ያለውን መሬት ይጋርዱበታል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ለእሱ የለም። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ሕዝባችን ቁሞ ለማየት የመረጠው ይህችን ቦታ ነው።

እዚያው አንድ ሊስትሮ ነበር። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ሰው የተሰበሰበበት ገበያ አለ ብሎ ሳጥኑን ከማሽኑ ኋላ ዘርግቷል። ብልህ ልጅ። አቧራው በላያችን እየቦነነ ጫማ የሚያስጠርግ ይኖራል ብላችሁ አታስቡም። ነበረ። ከአሥራ አንዱ አንዱ ቀኝ እግሩን ሳጥኑ ላይ ሰቅሎ፣ ጀርባውን ለዶዘሩ ሰጥቶ፣ በትከሻው ላይ እጁን እያወናጨፈ «ና! ና!» ይላል።

ዶዘሩ ገፍቶ ጨረሰ። ወደ ኋላ ተነሳ።

መጀመሪያ ያየው ልጁ ነው። ብሩሹን እንደያዘ ብድግ አለና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «ቁም! ቁም!»

«ዝም በል አንተ! ሥራ አታስፈታ!» አለው ባለ ጫማው።

«ና! ና! ና!» አልን እኛ።

ከዚያ ባለ ጫማው ዞር አለ። እንደዚያ ሲዘል ዶዘር ላይ ቀበቶ የማያስረው እሱ በሆነ ያሰኛል። ልጁም ወደ ጎን ተስፈነጠረ፣ እጁን ግን አላወረደም። ኦፕሬተሩ ከዚያ ሁሉ የሚርገበገብ እጅ መሃል ሁለት የማይንቀሳቀሱ ትንንሽ መዳፎች አየ። ቆመ።

ሰንሰለቱ ሳጥኑ ላይ ነበር።

ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጠፋ። አሁን ብሌዱን መሬት አስነካ። ወርዶ ኋላ ዞረ። ሳጥኑ ቂጣ ሆኗል። የቀለሙ ቆርቆሮ እንደ ሳንቲም ተጠፍጥፎ የሰንሰለቱ ጥርስ ላይ ተለጥፏል። ጥቁሩ ቀለም ከቀዩ አፈር ጋር ተቦክቶ ያብለጨልጫል። ያን ቀን በደንብ የተወለወለው መሬቱ ብቻ ነው።

«ማነው ና ያለኝ?» አለ ኦፕሬተሩ።

ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ያኔ ገና መጀመሪያው ነው።

«እኔ ቀስ ነው ያልኩት» አለ አንዱ።

«እኔ ግራ ነው ያልኩ።»

«እኔ ዝንብ እያባረርኩ ነበር።»

እኔም ቀስ ብዬ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«በሉ ተዉት፣ ነፍስ ተርፏል፣ ምንም አልሆነም» አሉ ጋሼ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። «አንተስ፣ ሳጥንህን እዚህ ማን አስቀምጥ አለህ?» ቢሆንም ደግ ሰው ናቸው፤ ከጋቢያቸው ሥር መቶ ብር አወጡለት። ሌላውም አሥርም ሃያም እያለ ጣለ። ባለ ጫማው የተጠረገው አንድ እግሩ ስለሆነ የግማሹን ከፈለ።

ሞተሩ ተነሳ። ልጁ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። የተረፈው ብሩሹ ነው። ሥራ የለውም። ዶዘሩ ገፋ፣ ልጁ አየ። ዶዘሩ ወደ ኋላ ተነሳ፣ ልጁ ግራ ቀኙን አየት አደረገ። ሁላችንም እጃችንን አውጥተናል። ትንሽ አመነታና ብሩሹን ወደ ራሱ ወዝወዝ፣ ወዝወዝ ማድረግ ጀመረ።

«ና! ና! ና!»

12 ሆንን።