ገመዱ ተመረቀ፤ ማን ይጠግነዋል?

በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመዶች ተበጠሱ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያኔ ወሬው ሁሉ «ማን በጠሰው?» ነበር። «ማን ይጠግነዋል? በማን ገንዘብ?» የሚል ግን ብዙም አልሰማሁም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ቀይ ባሕር ላይ ደግሞ ጥያቄው አዲስ አይደለም።

በ1859 እንግሊዞች ከስዊዝ ተነስተው በሱዋኪን (ሱዳን) በኩል እስከ ኤደን (የመን) የቴሌግራፍ ገመድ ዘረጉ። በዓመቱ ካራቺ አደረሱት። የብሪታንያ መንግሥት ለባለአክሲዮኖቹ በዓመት 36,000 ፓውንድ ለ50 ዓመት ሊከፍል ዋስትና ገባ። ገመዱ ሠራም አልሠራም! ገመዱ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ክፍያው ግን አልሞተም።

ለምን ሞተ? የዘመኑ ገመድ መሐሉ መዳብ ነው። መዳቡ ጉታ ፔርቻ ይለብሳል። ይህ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ ወተት ነው፤ ሲሞቅ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ባሕር ውስጥም አይበላሽም። ከዚያ ቃጫ ይጠቀለልበታል፤ ከላይ የብረት ሽቦ ይጠመጠምበታል። ሐሳቡ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ አጣጣሉ ላይ ነው። የባሕሩ ወለል ሜዳ ሳይሆን የኮራል ሸንተረር ሆኖ ሳለ ገመዱን ወጥረው ጣሉት። ከሸንተረር ሸንተረር ተንጠልጥሎ ቀረ። የባሕር ፍጥረታት ተጣበቁበት፤ ከበደ። የብረት ልብሱም ስስ ስለነበር ዛገና ተበጠሰ። ላላ አድርጎ መጣል ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋል፤ ተጨማሪ ገመድ ደግሞ ገንዘብ ነው።

ከዚያ በፊት በ1858 አትላንቲክ ላይ የተዘረጋውም ዕጣው ያው ነበር። የንግሥት ቪክቶሪያ የ98 ቃላት መልእክት ለመድረስ 16 ሰዓት ፈጀበት። ኒውዮርክ ውስጥ ለደስታ የተተኮሰው ርችት የማዘጋጃ ቤቱን ጣሪያ አቃጠለ። የኤሌክትሪክ ኃላፊው ዋይልድማን ዋይትሃውስ፣ በሙያው ሐኪም የነበረ ሰው፣ የደከመውን ገመድ 2,000 ቮልት ገደማ ለቀቀበት። በሳምንታት ውስጥ ጸጥ አለ። በ1861 የወጣው የአጣሪ ኮሚቴ ሪፖርት እንደሚለው እስከዚያ ድረስ ከተዘረጋው ከ11,000 ማይል በላይ ገመድ የሚሠራው 3,000 ማይል ያህል ብቻ ነበር። ምርቃቱ ግን በሽ ነበር።

ነገሩን የቀየረው የመለካትና የመጠገን ልማድ ነው። በ1865 ግሬት ኢስተርን የተባለችው ግዙፍ መርከብ አትላንቲክ ላይ አዲስ ገመድ ስትዘረጋ፣ ገመዱ ከመርከቧ በወጣ ቁጥር ከባሕር ዳርቻ ጋር እየተነጋገሩ ይፈትሹት ነበር። ብልሽት ሲታይ ወደ ኋላ ጎትተው ያወጡታል። አንዴ ሽቦ ተሰክቶበት አገኙ፤ አሻጥር ነው ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ ተጠረጠረ። ኋላ ሲጣራ ከገመዱ ከራሱ የብረት ልብስ የተሰበረ ስባሪ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ ገመዱ ተበጥሶ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚጠልቅ ባሕር ገባ።

በቀጣዩ ዓመት ሌላ ገመድ ዘርግተው ጨረሱና ተመልሰው የሰመጠውን በመንጠቆ ይፈልጉት ጀመር። እየያዙ እያመለጣቸው፣ ደጋግመው ወርውረው አወጡት። አየርላንድ ዳርቻ ቫለንሺያ ላይ ያለ ባለሙያ በሞተው ገመድ ጫፍ፣ መልእክት ሲመጣ የምትንቀሳቀስ የብርሃን ነጥብ ሲጠብቅ ነበር። ባለሙያዎቹ በተራ ዓመት ሙሉ ጠብቀዋል። ከመርከቧ ሲጠሩ ወዲያው መለሰ። ገመዱ ተቀጥሎ ሰሜን አሜሪካ ገባ።

ለእኔ ዋናው ሠራተኛ ይሄ ነጥቧን የሚጠብቀው ሰው ነው። በጀት ሲቀነስ ግን መጀመሪያ የሚባረረው እሱ ይመስለኛል።

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ ኢንተርኔታችን እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው ባሕር የሚደርሰው። የሌላ ሰው ገመድ ላይ ስንከራይ ፍጥነቱንና ዋጋውን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ሲበጠስ ስንት ቀን ይፈጃል? እስኪጠገን እንከፍላለን ወይስ ክፍያው ይቆማል? ይህ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሕዝብም ይወቀው።