ግብሩ ተቀነሰ ተባለ፣ ለማን ነው የተቀነሰው?

ጅማ ውስጥ አንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነው የምሰራው፣ የደሞዝ መክፈያው ዝርዝር፣ ፔሮል የሚባለው ጣጣ የኔ ነው። የ2017ቱ አዲሱ የገቢ ግብር ታሪፍ ደሞዝ ላይ የታየ ቀን ቢሮአችን ሰርግ ቤት ነበር የመሰለው፣ ጥበቃው ሳይቀር መጥቶ "ስንት ተጨመረልኝ?" ይለኛል፣ አባባ የተጨመረ ነገር የለም የሚቆረጠው ነው የቀነሰው ስለው "ያው ነው እባክህ፣ ኪሴ አያውቀውም" አለኝ። እውነቱን ነው። ከዛ በር ላይ ቡና የምታፈላልን ልጅ ሲኒ ልትሰበስብ ገብታ ጫጫታውን ሰማችና "እኔንስ ስንት ቀነሱልኝ?" አለች። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፣ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ጥያቄዋ አልወጣ አለኝ።

እስቲ መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። በ2008 ዓ.ም የወጣው አዋጅ እስከ 600 ብር ያለውን ደሞዝ ነፃ ያደርግና ከዛ በ10 በመቶ ጀምሮ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ይደርስ ነበር። ሐምሌ 2017 ላይ የተሻሻለው ደግሞ እስከ 2,000 ብር ነፃ፣ ከዛ በ15 በመቶ ይጀምርና 35ቷ ከ14,000 በላይ ሆነች። እኔ የ40 ሰው ፔሮል ኤክሴል ላይ ስላለኝ ሁለቱንም ታሪፍ ጎን ለጎን አስገባሁና አየሁት። 3,000 ብር የሚያገኘው ጥበቃችን በድሮው 307 ብር ከ50 ይቆረጥበት ነበር አሁን 150፣ ተረፈው 157 ከ50። 5,000 የምታገኘዋ ፀሐፊ 697 ከ50 ነበር አሁን 500፣ ተረፋት 197 ከ50። 20,000 የሚያገኘው ኃላፊ 5,500 ነበር አሁን 4,950፣ ተረፈው 550። እንዲያውም ከ14,000 በላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ 20 ሺም ይሁን 80 ሺ፣ የተረፈው ያችው 550 ናት። (ጡረታው 7 በመቶ እንዳለ ነው፣ እሱን የነካው የለም።)

ታዲያ ይሄ ማሻሻያ ለድሃው ነው ለሀብታሙ? ጥበቃው ከደሞዙ 5 በመቶ ከሩብ አካባቢ ተመለሰለት፣ ኃላፊው 2 ነጥብ 75 በመቶ። በመቶኛ ካየኸው ለድሃው አደላ ትላለህ፣ በብር ካየኸው ኃላፊው ከጥበቃው ሦስት እጥፍ በላይ ወሰደ ትላለህ። ሁለቱም ልክ ነው። ቴሌግራም ላይ ሰው ሲሰዳደብ የከረመው ግማሹ አንዱን ግማሹ ሌላውን ይዞ ነው። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ግን በብርም በመቶኛም ዜሮ ናት። ፔሮል ላይ የለችም፣ የደሞዝ ግብር ከፍላ አታውቅም፣ ያልከፈለችውን ማን ይቀንስላታል። ሳሙና ስትገዛ ግን ግብር ትከፍላለች፣ ባለሱቁ ቫት ያልተመዘገበ ትንሽ ሱቅ ቢሆንም እሱ ራሱ ከጅምላ ሻጩ ቫት ከፍሎ ነው ያመጣው፣ ዋጋው ውስጥ ተሸፍኖ እሷ ጋ ይደርሳል። ሪሲት የለውም እንጂ ግብር ነው።

እኔ ያደረግኩት ነገር በትልቁ ሲሰራ ስም አለው፣ ማይክሮ ሲሙሌሽን ይሉታል። ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ ጋይ ኦርከት የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ በ1957 ነው ያነሳው፤ የአገርን ኢኮኖሚ በጥቅሉ ከመገመት የያንዳንዱን ቤተሰብ ኑሮ ወደ ማሽኑ አስገብታችሁ ህጉን አንድ በአንድ ሞክሩበት ነው ያለው። አሁን የሚሰራው እንዲህ ነው፦ በዳሰሳ የተጠየቁ ሺዎች ቤተሰቦች አሉ፣ ስንት ናቸው፣ ማን ይሰራል፣ ምን ያገኛሉ፣ ምን ይገዛሉ፣ እርዳታ ያገኛሉ ወይ የሚለው ሁሉ ተመዝግቧል። ኮምፒውተሩ የዛሬውን የግብርና የድጎማ ህግ በያንዳንዱ ቤት ላይ ያሰላል፣ ቀጥሎ የታሰበውን አዲስ ህግ ያሰላል፣ ልዩነቱን ያወጣል። ስንት ቤተሰብ ከድህነት መስመር በላይ ወጣ፣ ስንቱ ወደቀ፣ ጂኒ የሚሉት የገቢ ልዩነት መለኪያ ወዴት ሄደ፣ መንግስት ካዝና ስንት ጎደለ። አዋጁ ሳይታወጅ ማለት ነው፣ ሰው ላይ ሳይሞከር።

አውሮፓ ውስጥ ዩሮሞድ የሚባል አለ፣ ኢሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያደገ፣ የብዙ አገሮችን ህግ ባንድ ሶፍትዌር የሚያሰላ። እንግሊዝ አገር በጀት በቀረበ ማግስት የፊስካል ጥናት ተቋም የሚሉት ነፃ ድርጅት የትኛው ቤተሰብ ስንት እንዳተረፈ ስንት እንደከሰረ ሰንጠረዥ ያወጣና የገንዘብ ሚኒስትሩ ጋዜጠኛ ፊት እሱን ሲያስረዳ ይውላል። እና እኛስ? እኛም አለን! ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ኢትሞድ የሚባል የኢትዮጵያ ሞዴል አለ፣ ሄልሲንኪ ያለው የተባበሩት መንግስታት ዩኒቨርሲቲ የጥናት ተቋም ሳውዝሞድ በሚለው ፕሮጀክቱ ከነ ታንዛኒያ፣ ዛምቢያ፣ ጋና፣ ሞዛምቢክ ጋር አብሮ ያሰራው፣ በዛው በዩሮሞድ ሶፍትዌር ላይ የቆመ። ማለትም መሳሪያው የለም ብለን ማማረር አንችልም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፦ ረቂቅ አዋጅ ሲመጣ ያ ሰንጠረዥ አብሮ አይመጣም። ዜናው "ዝቅተኛ ተከፋዩን ተጠቃሚ ያደርጋል" ይልና ያልፋል። ስንቱን? በስንት? ፔሮል ላይ የሌለውንስ?

አንድ ነገር ላሳያችሁ፣ ሰው ሲከራከር የሚስተው እዚህ ጋ ስለሆነ። "ነፃው ለምን 2,000 ብቻ፣ 3,000 ይሁን" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ እኔም ስሜቴ እሱ ነበር። ኤክሴሉ ላይ ሞከርኩት። 3,000 ለሚያገኘው ጥበቃ 150 ብር ትቀርለታለች፣ ጥሩ። 2,500 ለሚያገኝ 75 ብር ብቻ። 60,000 ለሚያገኝ ስራ አስኪያጅም ያችው 150፣ ምክንያቱም እሱም የመጀመሪያዋ 3,000 ብሩ ነፃ ትሆንለታለች። ለድሃ ብለህ የከፈትከው በር ሀብታሙንም አብሮ ያስገባል፣ እዛው በር ላይ ደግሞ ምንም ደሞዝ የሌላት እናት ቆማ ታያለች። አሁን ጥያቄው ይህን ያህል ብር ካዝናው የሚያጣ ከሆነ ያንኑ ብር በሴፍቲኔት በኩል ወይ ህፃን ላለው ቤት በቀጥታ ብንሰጠው ስንት ሰው ከድህነት ይወጣል የሚለው ነው። ይሄን በአፍ መከራከር አይቻልም፣ መሰላት አለበት፣ ሞዴል የሚሰራው ለዚህ ነው።

ደግሞ ሌላም አለ፣ ሳይታወጅ የሚጨምር ግብር። በ2008 ጅማ ላይ 10,900 ብር የሚያገኝ ሰው ትልቅ ሰው ነበር፣ ሰፈር ውስጥ በጣት ነው የሚቆጠረው። ከዛ ዋጋው ሽቅብ ሄደ፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ ይወሰን ተባለና ዶላሩ ከ57 አካባቢ ተነስቶ መቶን አለፈ፣ ደሞዝም እየተንቀራፈፈ ትንሽ ትንሽ ተከተለ፣ እርከኑ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባለበት ቆመ። ማንም ግብር ጨመርን አላለም፣ ግን በየዓመቱ ተራው ሰራተኛ ለሀብታም ወደተሰራው እርከን እየተገፋ ገባ። ሞዴሉን በየዓመቱ ብታስኬደው ይሄን ቁልጭ አድርጎ ያሳይህ ነበር። እና አሁን የመጣችው 2,000ስ በስንት ዓመቷ ነው 600 የምትሆነው?

እዚህ ጋ "ኮምፒውተር ያለው ሁሉ እውነት ነው" የምል እንዳይመስላችሁ። ባለ ሞዴሎቹን የምጠይቃቸው ብዙ ነገር አለኝ፣ በተለይ ከጅማ ሆኜ።

አንደኛ ቡናው። የኛ አካባቢ ገንዘብ ወቅት አለው፣ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ የሚባሉት ወረዳዎች ሄዳችሁ እዩ፣ ለቃሚው በኪሎ እየተከፈለው፣ ቀይ እሸት የሸጠው ገበሬ ቆርቆሮ እየገዛ፣ ባጃጅ ጠፍቶ፣ ሱቁ ሁሉ ሞቅ ብሎ። ሐምሌና ነሐሴ ያ ገበሬ ራሱ ዱቤ ላይ ነው የሚኖረው፣ ባለሱቁ ደብተር ላይ ስሙ ሞልቷል። የዳሰሳው ጠያቂ ህዳር ከመጣ ሀብታም ነው ብሎ ይመዘግበዋል፣ ነሐሴ ከመጣ ድሃ። ገቢውን ትተው የሚበላውን የሚጠይቁት ለዚህ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ፣ ይሁን፣ ግን የሚበላውም ቢሆን ወቅት አለው እኮ።

ሁለተኛ እድሩ። ጎረቤቴ ባሏ የሞተ ጊዜ መንግስት አይደለም የደረሰላት፣ ድንኳኑም ወንበሩም ገንዘቡም ከእድር ነው የመጣው፣ ከዛ በኋላ ልጆቿን ያስተማረችላት አረብ አገር ያለች እህቷ ናት። ይሄ ሁሉ ሞዴሉ ውስጥ ወይ የለም ወይ "ሌላ ገቢ" በሚል አንድ ሳጥን ውስጥ ታጭቋል። ሦስተኛ ሞዴሉ ህግ ነው የሚያነበው፣ ህጉ ደግሞ መሬት ላይ እንደተፃፈው አይሰራም። ግብር መክፈል ያለበት ሁሉ ይከፍላል፣ ሴፍቲኔት የሚገባው ሁሉ ያገኛል ብሎ ካሰላ ያ ሲሙሌሽን ሳይሆን ምኞት ነው። ደህና ሞዴሎች ይሄን ለማስተካከል ይሞክራሉ፣ ግን ምን ብለው እንዳስተካከሉ ካልነገሩን ማመን ይከብዳል።

አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል፣ የሰው ጠባይ። ተራው ሞዴል ህጉ ሲቀየር ሰው አይቀየርም ብሎ ነው የሚያሰላው። ነዳጁን እንይ፣ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሳ በወረቀት ላይ ቀላል ነበር፣ ብዙ ቤንዚን የሚያቃጥለው ባለመኪናው ስለሆነ ድጎማው ለሀብታም ነው የሚሄደው፣ ይነሳ፣ ለህዝብ ትራንስፖርት ብቻ ይሁን። እንደ መጀመሪያ ስሌት ልክ ነው። ግን ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ሳሙናውም ሲሚንቶውም መድኃኒቱም በጭነት መኪና ነው የሚመጣው፣ ያ መኪና ነዳጅ ሲጨምርበት ሳሙናው ላይ ያራግፈዋል፣ ያን ሳሙና ደግሞ መኪና የሌላት ሴትዮ ትገዛዋለች። ይሄን ሁለተኛ ዙር ለማየት ሁሉን ገበያ እርስ በርሱ የሚያያይዝ ሌላ ትልቅ ሞዴል ያስፈልጋል፣ ሁለቱ ካልተጋገዙ ግማሽ እውነት ነው የምትሰማው።

ይሄን ሁሉ ጉድለት ቆጥሬ ለምን ታዲያ ይሰላ እላለሁ? ሳይሰላ ሲቀር የሚሆነውን ስላየሁ ነው። በ2009 ዓ.ም ያን የቀን ገቢ ግምት ታስታውሱታላችሁ፣ ገማቾች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ይሄ በቀን ይሄን ያህል ይሸጣል ብለው የፃፉበት፣ ከዛ ሐምሌ ላይ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ የተዘጋበት። ጫማ የሚሸጥ አንድ የማውቀው ሰው ጋ በገበያ ቀን ነበር የመጡት፣ ሱቁ ጢም ብሎ፣ ያን ቀን አይተው ዓመቱን ሙሉ እንደዛ እንደሚሸጥ አድርገው አባዙት። እሱም እኮ ሞዴል ነበር! አንድ ቀን አይቶ ዓመት የሚገምት፣ ማንም ገልጦ ያላየው ሞዴል። ሰውዬው ግምቱ ከምን እንደመጣ ቢያውቅ ኖሮ "ሰኞ ኑ" ይላቸው ነበር። የወጣለትን ቁጥር ብቻ ነው የነገሩት።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የግብር ወይ የድጎማ ረቂቅ ምክር ቤት ሲቀርብ አንድ ገፅ ሰንጠረዥ ይያዝ፣ ህዝቡን ከድሃ እስከ ሀብታም አስር ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱ ስንት ብር እንደሚያገኝ ስንት እንደሚያጣ የሚያሳይ፣ ከስሩ ደግሞ ዳታው የስንት ዓመተ ምህረት እንደሆነና ምን ምን እንዳልተቆጠረ ይፃፍ። ዳሰሳው አሮጌ ከሆነ አሮጌ ነው ይባል፣ እኛ አንሰበርም። በጠቅላላ የአገር ድህነት ቁጥር ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የምንሰማው 23.5 በመቶ የ2008 ነው፣ ከዛ ወዲህ ኮቪድ መጥቷል ጦርነት መጥቷል ብር ተዳክሟል። በዛ ቁጥር ላይ ቆሞ ዛሬን ማስላት በሰርግ ፎቶህ መታወቂያ እንደማውጣት ነው። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ተማሪ በየዓመቱ መመረቂያ ፅሁፍ ይፅፋል፣ ግማሹ የጅማን ቤተሰብ ህዳርም ነሐሴም ሁለቴ ሄዶ ቢጠይቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ፅሁፍ የተሻለ ነገር ይወጣው ነበር።

እኔማ ለራሴ ሞከርኩ። ፔሮሉ ላይ ከ40ው ሰው ስር 41ኛ መስመር ጨመርኩና ቡና የምታፈላዋን ልጅ ጠራኋት። ስም፣ ፃፍኩ። የቤተሰብ ብዛት፣ አራት። የወር ገቢሽ ስንት ነው ስላት ረከቦቱን መሬት አስቀምጣ ትንሽ አሰበችና "የየትኛው ወር?" አለችኝ።