«ባዶ ሆድ ስለምትሆኑ ኢንሱሊኑን ተዉት» ለሚለው ምክር እርማት

ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን የሚወስዱና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቃቸው የጅማ ወገኖቻችን «ስለማትበሉ ኢንሱሊኑን ከዋዜማው ጀምራችሁ ተዉት» እየተባሉ ነው። ምክሩ ከቅንነት እንደመጣ አልጠራጠርም፤ ግን ስሕተት ነው። ሰው ባይበላም ጉበቱ ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ የቀዶ ሕክምናው ጫናም ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል። የሚዘለለው ከምግብ ጋር የሚወሰደው ፈጣኑ ኢንሱሊን ነው፤ ለረጅም ሰዓት የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ተቀንሶ ይቀጥላል። በተለይ ዓይነት 1 ስኳር ያለበት (ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን የማያመርት) ሰው ጨርሶ ካቆመ፣ ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠረው የኪቶን አሲድ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ ይህ ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። እባካችሁ ብልቃጡን ይዛችሁ ቀዶ ሕክምናው በሚደረግበት ሆስፒታል የሰመመን ባለሙያውን «ዋዜማውን ስንት፣ ጠዋትስ ስንት ልውሰድ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም አስጽፉ። ጠዋት የደም ስኳራችሁን ስትለኩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ካገኛችሁ ሳትዘገዩ ለነርሷ ተናገሩ።